ኩባያዬ ላይ የታሰረው ቀይ ክር

አዳማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጫምሳ፣ የሶረቲ አባት፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ልቤ እንደ ባጃጅ ሞተር ይንደቀደቃል። ሰሞኑን ስልኬን ስለማታነሳ በሚኒባስ ሹፌሩ በኦሊቃ እጅ ላክሁልህ። ሳትጨርሰው እንዳትቀደው!

ቲቢ አይደለም። ሰማህ? አይደለም! ያን ሁሉ መድኃኒት በከንቱ ነው የዋጥኩት። አዲሷ ሐኪም ከሳንባዬ ቆንጥራ አስመረመረችና ሳርኮይዶሲስ ይባላል አለችኝ። "ይተላለፋል?" አልኳት። "በፍጹም። ከልጅሽ ጋር በአንድ ኩባያ ጠጪ።" እናትህ አዴ ኤቢሴም ይስሙ! እሳቸው ከገዛ መስፊያ ሳጥኔ ቀይ ክር መዘው፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት ኩባያዬ ላይ ሲያስሩ፣ አንተ ቆመህ አየህ። ከዚያ ልጄን ይዘህ ቡልቡላ ገባህ። ባለፈው በስልክ ምን አለችኝ መሰለህ? "እማዬ፣ ስትስሚኝ እታመማለሁ እንዴ?"

ሌላም አለ። ስከሳ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ፣ በትንሽ በትልቁ ስጮህ፣ "ጠባይሽ ተበላሸ" ብለኸኝ የለ? እንቅርት ነው! ድሮም አፈኛ ነበርኩ፣ እሱን በእንቅርት አላሳብብም፤ የባሰውን ግን እሱ ነው ያመጣው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር፣ የኔ በሳንባ ላይ እንቅርት ሆነ።

"ሳንባና አንገት ምን አገናኛቸው?" ብዬ ሐኪሟን አፋጠጥኳት። የሰውነቴ ዘበኛ ሌባ የያዘ መስሎት የቤቱን ባለቤት ይደበድባል አለችኝ። አንዱ በሽታ የያዘው ሰው ሌላውም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም በደንብ አያውቁትም። እኔም ስልኬ ላይ አንብቤ አንብቤ ግማሽ ሐኪም ሆኛለሁ። ለሁለቱም መድኃኒት ጀምሬያለሁ። "ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሺ" ትለኛለች። በምን ልቤ ልታገስ?

ቅዳሜ ሶረቲን ይዘህልኝ ና። መንገዱ ቢመሽብህ ማደሪያ አታጣም፤ ትራስህ ካስቀመጥክበት አልተነሳም።

እመቤቴ በመንገድ ትጠብቃችሁ። እናትህንም ትጠብቅ፣ ምን አደርጋለሁ።

ክሩን ቆርጬ ጣልኩት። ኩባያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አሁን የኔ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እስካሁን ሚስትህ፣
ፍሬሕይወት