አልዘረጋ ያለው ቀኝ እጄ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልተዘረጋም። ለብ ባለ ውኃ ነከርኩት፣ ቅቤ ቀባሁት፤ ወይ ፍንክች! ደብተሬ፣ ፊደሌ ቢንጋደድብህ ይቅር በለኝ። በግራ ነው የምጽፈው። አጭር አጭር የምለውም ለዚሁ ነው።

ሱቄ እንደተዘጋ ነው። ልብስ ሰፊ ያለ ቀኝ እጅ ምን ትሠራለች? የፍኖተ ሰላም ደንበኞቼ ጨርቃቸውን እየወሰዱ ነው። አይፈረድባቸውም።

ከወንድሜ ከይበልጣል ቀብር ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ጡጫዬን እንደጨበጥኩ። ሐኪም ቤት አጥንቱም ነርቩም ደህና ነው አሉኝ። እማዬ ጠበል አለች። ሄድኩ። ልቤን ቀለል አለኝ፤ እጄ ግን ያው ነው።

ቡሬ ያለው የሥነ ልቦና ሐኪም ሂፕኖሲስ የሚሉትን፣ በቃል ብቻ ሰውን የሚያፈዙበትን ሕክምና፣ እንሞክር ብሏል። ፈራሁ። ስልክ ላይ ያየሁት ሰውን እንደ ዶሮ ሲያስጮኹ ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አፍዝ አደንግዝ ነው አለች፤ በድግምት አፍዝዘው ልብሽን ሊሰርቁሽ ነው። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አብራኝ ልትሄድ ተስማማች፤ ልትጠብቀኝ።

ከቀብሩ ወዲህ እንባ ጠብ አላለላትም። የቀራት ቁጣ ብቻ ነው። ታሳዝነኛለች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ቡሬ ደርሰን ተመለስን።

እማዬ የጠበል ጠርሙሷን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀመጠች። ሐኪሙ ተነሥቶ አጠገቤ አስቀመጣት። እንቅልፍ አይደለም፣ ልጅዎ ሁሉን ትሰማለች፣ ካልወደዱት ያስቁሙኝ አላት። ትንሽ ለዘብ አለች።

እስትንፋሴን ተከተልኩ። ዐይኔ ከበደኝ። ትከሻዬ ወረደ። ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል፣ ግን ጉዳዬም አይደለ። ክንዴ የሌላ ሰው መሰለኝ። እጅሽ ምን ይዟል ብሎ ጠየቀኝ።

አፌ ቀደመኝ። የእማዬን የእጅ አንጓ አልኩ።

ደብተሬ፣ እኔም አላውቅም ነበር! ጅጋ፣ በይበልጣል መቃብር አፋፍ ላይ፣ እማዬ ፊቷን በጥፍሯ ልትነጭ እጇን ስትሰድ የያዝኳት እኔ ነኝ። የአገሩ ወግ ነው፤ ሐዘንተኛዋን ሰው ይይዛታል። አንዱን ጉንጯን ግን ቀድማኝ ነበር፤ ደሙን አየሁት። ኋላ ሌሎች ሴቶች ተቀበሉኝ። እጄ ግን አልለቀቀም። ብለቃት እሷም ትሞትብኛለች ብዬ ነው። ይህንን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

ከዚያ የእማዬ ቀዝቃዛ እጅ ጡጫዬ ላይ አረፈ።

«ልቀቂኝ ልጄ። በይ ልቀቂኝ፤ ፊቴን አልነካም» አለችኝ።

መጀመሪያ አመልካች ጣቴ። ከዚያ ሌሎቹ። አመመኝ፤ ደስም አለኝ። እማዬ ጠርሙሷን አስቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ እስኪወጣላት ጠበቃት።

ስንወጣ ሆዴ ጮኸ። መናኸሪያው አጠገብ ገብተን ሁለታችንም እንደ ጉድ በላን።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ስነሣ ተጨብጧል! ተናደድኩ። አለቀስኩ። ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ በአንድ ጊዜ አያልቅም፣ ቤትሽም ዐይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪ አለኝ።

እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ በሐኪሙ ድምፅ፣ ልክ እንደ እሱ ቀስ እያለች፣ እስትንፋስሽን ተከተይ ትለኛለች። አፍዝ አደንግዝ ያለችውን ረስታዋለች። ሳቄ አመለጠኝ። ቀትር ላይ እጄ ላላ፤ መቀስ ያዝኩ። አልቆረጥኩበትም፣ ያዝኩት ብቻ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነገ የይበልጣል አርባ ነው። ጅጋ እንሄዳለን። ሙሾ አውራጇ ስሙን ስትጠራ እማዬ እጇን ወደ ፊቷ መስደዷ አይቀርም። አክስቴ ደውላ አደራ፣ አንች ያዣት አለችኝ።

አልይዛትም፤ እጄ ዳግም ይቆለፍብኛል። ቆርጫለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ አብሬያት አለቅሳለሁ፤ እጄ ግን ጭኔ ላይ ይሆናል። ለራሷም ነገርኳት።

እማዬ ሁለት እጆቿን ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያስ ጥፍሬን ቁረጭልኝ» አለች።

መቀሱን አነሣሁ። በቀኝ እጄ።