ማስፈራራት ክልክል ነው

ጥር 4

ሁለት ሱሪ ቀመቀምኩ። የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ባለ ኮቱ ሊለካ ሲመጣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆመና «ልኬቴ እንደሆነ አልተለወጠም» አለኝ። ምን ልበለው? ሁለት ጣት አስፍቼለታለሁ።

ስልክ ላይ የማስተዳድረው ግሩፕ ዛሬ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ሞላ። አሥራ አንድ ሺህ ልብስ ሰፊ! ከአራት ዓመት በፊት ስከፍተው እኔ፣ መጋረጃ ሰፊው ምክትሌ እና አንዲት ቁልፍ ሻጭ ብቻ ነበርን። ባለቤቴ «እዚህ ቤት ሻይ አምጪ ብትለኝ እንኳ አልሰማህም፣ እዚያ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይታዘዝሃል» ትላለች። ትቀልዳለች። ግን እውነቷን ነው።

አሥራ አራቱን ደንቦች ራሴ ነኝ የጻፍኳቸው። አንደኛው፦ ማስፈራራት ክልክል ነው፤ ያስፈራራ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ናት። አንዳንዴ ዝም ብዬ አነባታለሁ።

ጥር 6

ዛሬ ግሩፑ ውስጥ ስንስቅ ዋልን። አንዱ «ለኮት የገዛሁት ጨርቅ ግማሽ ሜትር አጠረኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀ። ፕሮፋይሏ ላይ የጽጌረዳ ፎቶ ያለባት አንዲት አዲስ አባል መለሰችለት። ግን እንዴት አድርጋ! አንድ ቃል ትጽፍና ትልካለች። «ጨርቁን»። ቆየት ብሎ «እጠፍ»። ደግሞ ቆየት ብሎ «እጅጌዎቹን»። በመሃል አሥር ሰው ይገባባታል። ማን ይከተላት?

«ኧረ አንድ ሰው ያዋልዳት!» አለ አንዱ። ሌላው «እስከ ኮሌታው ስትደርስ ልጄን እድራለሁ» አለ። እኔም የሳቅ ምልክት አደረግኩ። ሦስት ጊዜ... አራት ይሆን?

አሥራ ስድስተኛው ቃል ላይ አስወጣኋት። ደንብ አምስት፦ ግሩፑን ማጨናነቅ ክልክል ነው። መጋረጃ ሰፊው «ቆራጥ አመራር!» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ?

ጥር 7

የጎረቤቴን የመምህሩን ሱሪ እየተኮስኩ ስልኬ ጮኸ። በግል የመጣ ነው። ያቺው ጽጌረዳ።

«ሰማያዊ»
«በር»
«ያለውን»
«ሱቅህን»

በሩን ዞሬ አየሁት። ሰማያዊ ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት።

«አውቀዋለሁ»
«እጅህን»

እዚህ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... እጄን ምን? ትስመዋለች? ትለካዋለች?

«እቆርጠዋለሁ»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቃል መጣ፣ «ጨርቅ» «አባካኝ»። ስድብ መሆኑ ነው። እሱን ልብም አላልኩት። ለካ ካውያው ሱሪው ላይ ተረስቷል። የመምህሩ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ነደደ። የተቆረጠ እጅ እስካሁን የለም፤ የተቃጠለ ሱሪ ግን አለ።

ሴት አይደለችም ማለት ነው። ሴት እንዲህ አትልም። ወይስ ትላለች?

ጥር 8

መጋረጃ ሰፊው መልእክቱን ስክሪን ሾት አድርገህ ለጥፍ አለኝ። ለጠፍኩት። ጉድ ፈላ!

አሥራ አንድ ሺህ ሰው ጠበቃዬ ሆነ። «አድሚናችንን የነካ ዓይናችንን ነካ።» «ይገኝና ቆዳውን ገፈን ገበር እናደርገዋለን።» «ቤቱን ከነማሽኑ በእሳት!» አንዲት ለሕፃናት ቀሚስ የምትሰፋ ዝምተኛ ሴት ምን እንዳለች እዚህ መጻፍ አልችልም። ለእያንዳንዱ የልብ ምልክት እሰጣለሁ። ጣቴ እስኪደክም።

ባለቤቴ ከትከሻዬ ላይ አየችና «ደንብ አንድ ምን ነበር የሚለው?» አለችኝ።

«ይሄ ሌላ ነው» አልኳት።

«እንዴት?»

«ለእኔ ነዋ የሚያስፈራሩት!»



ጥር 9

የሱቁን በር ቀኑን ሙሉ ከውስጥ ቆልፌ ዋልኩ። ደንበኛ ሲያንኳኳ መቀስ ይዤ ነው የምከፍተው። ሁለት ሰው ሸሸ።

ጥር 10

ቁልፍ ሻጯ አገኘችው። ፎቶው ላይ ከጽጌረዳው ጀርባ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ደግሞ ማዶ ያለው የጫማ ቤት ታፔላ ይታያል። «ሰፈሩን አወቅኩት!» አለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ፣ ቀጥሎ ግቢው፣ ቀጥሎ የበሩ ፎቶ ተለጠፈ። መጋረጃ ሰፊው፦ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ። መቀስ ያለው ይዞ ይምጣ።» ስምንት መቶ ሰው «አለሁ» አለ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለባለቤቴ አሳየኋት።

ስልኩን ተቀበለችኝ። ሰዎቹ የሚሉትን ሳይሆን ያንን የጥር 7 መልእክት አወጣችና ቃላቱን ገጣጥማ፣ ድምጿን አጎርንና፣ ጮክ ብላ አነበበችው። «ሰማያዊ በር ያለውን ሱቅህን አውቀዋለሁ። እጅህን እቆርጠዋለሁ፣ ጨርቅ አባካኝ!»

ቀኝ እጄ ብብቴ ውስጥ ገባ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው የገባው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ጋሽ መቀስ!

ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ መቀስ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ «እጅህን እቆርጠዋለሁ፣ ጨርቅ አባካኝ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው። ሲናደዱም ይሉታል፣ ጥሩ ስሠራም ይሉታል። ዝም ያሉኝ ቀን ነበር የምፈራው። እጄን መቁረጥ ይቅርና... እጄን የሠሩት እሳቸው ናቸው። እንዴት አላወቅኳቸውም? ጽሑፍ ድምፅ የለውማ። በማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር የማነበው።

ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅኳቸውም። በሕይወት መኖራቸውንም ያወቅኩት ሲያስፈራሩኝ ነው።

ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ሰውየው አስተማሪዬ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ አነጋገራቸው ነው፣ ቀድሜ የሳቅኩባቸው እኔ ነኝ፣ እባካችሁ ማንም እንዳይሄድ። ስድስት ሰው አነበበው መሰለኝ። የቀረው «አስገድደው አጽፈውት ነው! ድረሱለት!» እያለ ይጯጯሃል። ደሜ ፈላ። እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ያን በር የነካ ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ!»

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን የሰጠሁት መጋረጃ ሰፊው አባረረኝ። ደንብ አንድ። ያለ ማስጠንቀቂያ። ከራሴ ግሩፕ፣ በራሴ ዓረፍተ ነገር!

ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ናት ብዬ አልነበር?

ጥር 11

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የጋሽ መቀስ በር ላይ ቆምኩ። መቀሴን ይዣለሁ። ስምንት መቶ ሰው በአንድ መቀስ... አይ እኔ።

ሦስት ሰዓት። ማንም የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል። መጋረጃ ሰፊው ብቻውን መጣ። በፎቶ እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም፤ አጭር፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። እኔን ሲያይ መቀሱን ኮቱ ውስጥ ደበቀ።

«እንደምን አደርክ» አለኝ።

«እግዜር ይመስገን። ሌሎቹስ?»

«ሥራ አለባቸው መሰለኝ።» መሬት መሬት አየ። «እኔም... ፎቶ አንስቼ ልሄድ ነበር።»

«በል አንሳና ሂድ።»

ሳያነሳ ሄደ።

በሩን አንኳኳሁ። ምራታቸው ከፈተችልኝ። የጽጌረዳው ፎቶ የእሷ ነው፤ አሮጌ ስልኳን ነው የሰጠቻቸው። «ግሩፑን ቀኑን ሙሉ ያነቡ ነበር፣ አሁን ግን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተውታል» አለችኝ። ጋሽ መቀስ መስኮቱ ሥር፣ ማሽናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይግቡ» አሉኝ።

ይግቡ! እኔን! መርፌ ስጥል ጆሮዬን ይዘው እስካገኘው የማይለቁኝ ሰው!

«ጋሼ፣ አንተ በሉኝ እንጂ...»

«እርስዎ የአሥራ አንድ ሺህ ሰው አለቃ ነዎት። ይቀመጡ።»

አስወጥተውኛል ልላቸው ፈለግኩ። ሰበብ መሰለብኝና ተውኩት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ረጋ ብለው «ያ የሚስቅ ፊት... እርስዎ ነበሩ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አራት ጊዜ ነው።»

ቆጥረዋል። እኔ እንኳ አላስታወስኩትም።

«በሱቅዎ በር ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ» አሉ። «ስልክዎ ላይ አቀርቅረው ነበር።»

እጄን አልቆረጡኝም። አንጀቴን ነው የቆረጡት። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ጥር 13

ባለቤቴ አሁንም ግሩፑ ውስጥ ናት። ዛሬ የሚጨቃጨቁት ስለ መጋረጃ ዘንግ ነው። እኔን ያነሳ የለም። በስልኳ ወደ ጥር 6 ተመለስኩና አሥራ ስድስቱን ቃላት ከሳቁ መሃል አንድ በአንድ ለቅሜ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው።

«ጨርቁን እጠፍ። እጅጌዎቹን ራስና ግርጌ አድርገህ አስተኛቸው። መሃላቸው በሚተርፈው ላይ የኮሌታውን የታች ፊት ለሁለት ከፍለህ አውጣ።»

ትክክል ነው። እንዴት ያለ ትክክል! ጠያቂው ግን ያን ቀን ሌላ ጨርቅ ገዛ።

ጥር 16

ሥራውን ሁሉ ትቼ አዲስ ኮት ሰፋሁ። ሆን ብዬ ግማሽ ሜትር ባጠረ ጨርቅ። እጅጌዎቹን ራስና ግርጌ አስተኛኋቸው። ኮሌታው ወጣ! የተረፈው ቁራጭ ከመዳፌ አይበልጥም። ኮቱን በጋሽ መቀስ ልክ ነው የሰፋሁት። ትከሻቸው ምን ያህል እንደጠበበ ያን ቀን በዓይኔ ለክቼዋለሁ።

ጥር 18

ኮቱን ለምራታቸው ሰጥቼ ተመለስኩ። መግባት ፈራሁ። የተረፈውን ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ እንዳላባከንኩ እንዲያዩ።

ጥር 19

ምንም የለም። የመምህሩን አዲስ ሱሪ ጨረስኩ።

ጥር 20

ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ነበር የምሠራው። ሲጮህ ሰማሁት። ልኬቱን እየወሰድኩለት የነበረው ደንበኛ «ስልክህ ነው» አለኝ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥዬለት ሮጥኩ።

«ኮቱ»
«ልክ»
«ነው»

ቆመ። ሦስት ደቂቃ ያህል። ደንበኛው እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ነው።

«ቁራጩ»
«ግን»
«ኪስ»
«ይወጣው»
«ነበር»

ወይኔ! እውነትም ይወጣው ነበር።

«እጅህን»

እጅህን አሉኝ። እጅዎን አላሉኝም። በሩን ከፍቼ ደጁ ላይ ቆምኩና ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ። ደንበኛው ተከተለኝ። «ምን ሆነህ ነው? ማን ነው?»

«እቆርጠዋለሁ»

«ኧረ ይሄ ማስፈራሪያ ነው!» አለ ደንበኛው በትከሻዬ ላይ እያነበበ። «ለፖሊስ ንገር እንጂ! ምን ያስቅሃል?»