ማድረቂያው ይምጣ፣ ጠባቂው ይቅር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ልብስ ማጠቢያውን ትቼ በባለቤትሽ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እንድደረድር መክረሽኛል። የእኛንም ማኅበር «የመንግሥት ምጽዋት» ብለሽዋል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ተናድጃለሁ። ቤቱንና ማሽኖቹን መንግሥት ሰጥቶናል፤ አልክድም። የሆስፒታሉን አንሶላ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን የምናድረው ግን እኛ ነን፤ አለቃም ሠራተኛም እኛው። ግማሾቻችንን ደግሞ ሌላ ቦታ የሚቀጥረን አልነበረም።

ሁሉም ይወደዋል አልልሽም። ሾፌራችን፣ ድሮ አለቃዬን እያማሁ ቀኑ ይመሽልኝ ነበር፣ አሁን አለቃው እኔው ስሆን ማንን ልማ እያለ ያማርራል። የካውያዋ ሴትዮ ደግሞ መንግሥትን ለአፍታም አታምንም፤ በሰጡበት እጃቸው መልሰው ይወስዱታል ባይ ናት።

የፈራችውም አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ከመንግሥት ቢሮ አንድ ሰውዬ መጣ። ትልቅ ማድረቂያ ማሽን እንሰጣችኋለን፣ ግን እኛ የምንልከውን ሥራ አስኪያጅ ተቀበሉ አለን። በለሰለሰ አንደበት፣ ሁኔታችሁ ራሳችሁን ለማስተዳደር አያስችላችሁም ሲለን ሁላችንም አቀረቀርን። ሾፌሩ እንቀበል አለ። እውነቱን ነው፤ በዝናብ ጊዜ አንሶላው አልደርቅ እያለ መከራችንን ነው የምናየው። እኔ ግን ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ማድረቂያው ይምጣልን፤ ጠባቂው ግን ይቅርብን። ጠባቂ አይተናል» አልኩት።

ጠባቂው ይቅር በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። የካውያዋ ሴትዮ ቀድማ እጇን አወጣች፤ ሾፌሩም እያጉረመረመ በመጨረሻ አወጣ። ማድረቂያው በዚያው ቀረ። ይኸው አንሶላውን በየክፍሉ ሰቅለን፣ በሥሩ እየተሽሎከለክን እንሠራለን። አልቆጨኝም። እጄን ሳወጣ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ያስገቡኝ ዕለት በእኔ ፈንታ የፈረምሽው። ቸግሮሽ ነው፤ ይገባኛል። ከእንግዲህ ግን ስለ እኔ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ጠርዛቸው ላይ አረንጓዴ ክር ያለባቸውን አንሶላዎች ከእኔ በቀር ማንም እንዲያጥፋቸው አልፈቅድም። ከየትኛው ክፍል እንደሚመጡ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ልትጠይቂኝ ስትመጪ ተቀምጠሽባቸዋል። እዚያ የተኛ ሰው ሽታ የሌለው፣ ያልተጨማደደ አንሶላ ይገባዋል።

ሰኞ እናንተ ሰፈር ላለው የእንግዳ ማረፊያ ዕቃ እናደርሳለን። ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፣ የማኅበሩን ሽርጥ እንዳሸረጥኩ። ሥራዬን ስጨርስ አንቺ ቤት ብቅ እላለሁ። ውጭ አገር ናት ብለሽ የነገርሻቸው ጎረቤቶችሽ መቼ ገባሽ ማለታቸው አይቀርም። እኔ አልዋሻቸውም። ካንቺ አፍ እንዲሰሙት ከፈለግሽ ከሰኞ በፊት ንገሪያቸው።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። በሩን ብትዘጊውም አንኳኳለሁ።

ከዚሁ ከተማ፣
ታናሽ እህትሽ