ሾፌሯ ኮፍያዋን ያወለቀችበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጎንበስ ብለሽ ቀና ስትዪ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እናታችንስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት፤ መርፌ ላይ ክር ራሷ ታስገባለች ወይስ አሁንም ልጆቹን ትጠራለች? አባታችንንስ ሳሉ ለቀቀው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደምን አላችሁልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እንዲያውም ሰሞኑን ጥርሴ አልከደን ብሎኛል። የሆነውን ሁሉ ለሰው ባወራውም ላንቺ ካልነገርኩሽ ያልተነገረ ሆኖብኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትልቋ ልጅሽ ፀጉሯን ሪላክሰር በሚሉት ማለስለሻ ቀብታ፣ በየማለዳው በጋለ ፔስትራ ስትተኩሰው ከርማ፣ ከማጅራቷ በኩል እየተቆራረጠ እንዳለቀባትና ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ እንደተኛች ጽፈሽልኛል። «አንቺ በሙያው ነሽና ምን ላድርጋት? ልላጫትና ይውጣልኝ ወይ?» ብለሽኛል። ኧረ በሞቴ እንዳትላጪያት! መልሱን ግን በአንድ መስመር አልጨርሰውም። አስቀድሜ የደበቅሁሽን ነገር ልናዘዝ።

በላክሁልሽ ፎቶ ሁሉ ላይ ሻሽ አስሬ አይተሽኝ፣ «ምነው አሮጊት መሰልሽ?» ስትዪኝ፣ «ብርዱ ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ብርድስ አልነበረም፤ ከሻሹ ሥር የሚታይ ፀጉር ስላልነበረኝ ነው። ያ ልጅ ሆኜ ስታበጥሪኝ ማበጠሪያ ይሰብር የነበረው ፀጉሬ፣ እዚህ በመጣሁ በዓመቱ በእጄ ነው ያለቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ፀጉር ቤት አምስት ወንበርና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አለው፤ ከኋላ ደግሞ ራስ የሚታጠብበት ጠባብ ክፍል። ባለቤቲቱን ሁላችንም ማዳም ነው የምንላት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ፔስትራው ካልጨሰ ሥራ የተሠራ አይመስላትም። «ፀጉር እንደ ብረት ነው፤ ካልጋለ አይቀናም» ትላለች። እኛም ሠራተኞቿ በየማለዳው ተተኩሰን፣ እንደ መስታወት አብረቅርቀን እንድንገኝላት ትፈልጋለች። እኔም ከሌሎቹ እንዳላንስ ብዬ በየአራት ሳምንቱ ሪላክሰር፣ በየቀኑ ፔስትራ፣ ያውም የመጨረሻው ሙቀት ላይ። አዲስ የበቀለውን ብቻ መቀባት ሲገባኝ የለሰለሰውንም ደግሜ ከሥር እስከ ጫፍ እለቀልቀው ነበር። እሳትና ጭድ አብረው ሲውሉ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጭንቅላቴ ቆሰለ፤ ማበጠሪያው ፀጉሬን እፍኝ እፍኝ ይዞ ይወጣ ጀመር። አንድ ቀን ደንበኛ እየሠራሁ ሳለ ሴትዮዋ በመስታወቱ አንጋጣ አየችኝና «የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ መጣች!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማዳም በማግስቱ ከወንበር አንሥታ ወደ ኋላ ክፍል፣ የሰው ራስ ወደማጠብ ላከችኝ።

ግን አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። እዚያ ክፍል ውስጥ ፎጣ የምታጥብና የምታጥፍ አንዲት አሮጊት አለች፤ «እማማ ፎጣ» እንላታለን። በጉብዝናዋ ጊዜ ሰው ወረፋ የሚይዝላት ፀጉር ሠሪ ነበረች። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው መቀሷን አስቀምጣ ፎጣ የያዘችው። ሻሼን አስወለቀችኝና ራሴን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰችው። እኔ «ማደግ አቁሟል እማማ» ስላት፣ «ማን ነው ያቆመው? ፀጉርሽማ በየወሩ እያደገ ነው። አንቺ ከጫፉ እየበላሽ የቆመ አስመሰልሽው እንጂ» አለችኝ። እትዬ፣ ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ከዚያ በኋላ እንደ ተማሪ ቤት ሆነ። መጀመሪያ የግል ፔስትራዬን ተቀብላኝ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላ ለሦስት ወር ደበቀችው። ቁስሉ እስኪድን ሪላክሰር ከደጄ እንዳይደርስ ከለከለች። ከዳነ በኋላም ቢያንስ አሥር ሳምንት እየቆጠርኩ፣ አዲስ ለበቀለው ብቻ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ከዚያ እስኪበቃው ታጥቦ። በየሳምንቱ ኮንዲሽነር ለቅልቄ ላስቲክ ቆብ አጥልቄ ስቀመጥ እሷ ፎጣዋን እያጠፈች ከጎኔ ትቀመጣለች። እርጥቡን በጣትና ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ትፈታልኛለች፤ በቢጎዲን፣ በፀጉር መጠቅለያው፣ ጠቅልላ ካስክ ውስጥ ታስገባኛለች። የተሰነጠቀውን ጫፍ ስትቆርጠው እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ግን አይዛነፍም። እኔ ስነጫነጭ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለኛለች። ስንት ጊዜ አፍሼ ስንት ጊዜ እንደለቀምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በሁለት ዓመቱ ፀጉሬ ትከሻዬን ነካ። ማዳም አየችና አምስተኛውን ወንበር፣ በሩ ሥር ያለውን ነፋስ የሚመታውን፣ ሰጠችኝ።

እዚያ ወንበር ላይ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ጎርናና፣ ኮፍያዋ እስከ ቅንድቧ የተደፋ። መስታወቱን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ኮፍያውን ስታወልቀው የራሴን የዚያን ጊዜ ራስ ነው ያየሁት። ከማጅራቷ ተበጣጥሶ፣ ከግንባሯ ሸሽቶ፣ ጭንቅላቷ ላይ የሪላክሰር ቁስል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ኮፍያ አውልቃ አታውቅም። «ከአሥራ አራት ወር በኋላ ሃያ ዓመት ያለ አደጋ በመንዳቴ እሸለማለሁ። መድረክ ላይ በባዶ ራሴ መውጣት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ማዳም ከወዲያ ሆና «ዊግ አለልሽ እኮ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ብትላት፣ «ሽልማቱ የእኔ ሆኖ ፀጉሩ የሌላ ሰው? አይሆንም!» አለቻት።

ከዚያ «ዛሬ ሪላክሰር ቀቢኝ» ስትለኝ እኔ «አልቀባሽም፤ ቁስሉ ይዳን» አልኳት። ማዳም ይህን ሰምታ ወደ ኋላ ጠራችኝ። «ደንበኛ እየመለስሽ ነው እንጀራ የምታበዪኝ? እሺ፤ ሴትዮዋ ከተሳካላት እንዳልሽው ሥሪ። ካልተሳካላት ግን ሌላ ቤት ፈልጊ» አለችኝ። «እሺ ማዳም» ብዬ ወጣሁ።

ዘጠኝ ወር እንዲህ ሄደ። ሾፌሯ ከሥራ ስትወጣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች፤ አጥባታለሁ፣ በቢጎዲን እጠቀልላታለሁ፣ ካስክ ውስጥ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ፀጉሯ ጆሮዋን አልፎ ወደ አንገቷ ወረደ። በዘጠነኛው ወር ግን አንድ ማክሰኞ ኮፍያዋን ደፍታ መጣችና ቁጭ አለች። ሳስወልቃት ከግራ ጆሮዋ በላይ አራት ጣት በሚያህል ቦታ ፀጉሯ ከሥሩ ሁለት ጣት ቀርቶ ተበጥሷል። ሠርግ ተጠርታ ቸኩላ፣ ከጎረቤት ፔስትራ ተውሳ፣ በእርጥቡ ተኩሳዋለች! «ቸስ ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ እጄ ላይ ቀረ» አለችኝ። ያ አውቶቡስ የምታሽከረክር ግዙፍ ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ማዳም «አላልኩም?» ብላ ዊጉን ከመደርደሪያ አወረደች።

አፌ ላይ የመጣውን ቁጣ ውጬ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። እንጀራዬም ልፋቴም በአንድ ፔስትራ ሄደ ብዬ ፎጣው ክምር ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እማማ ፎጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስታጥፍ ቆይታ፣ «አንቺ ስንት ጊዜ አቃጥለሽ ነው የተማርሽው?» አለችኝ። «ብዙ ጊዜ» አልኩ። «እሷ አንዴ ነው ያቃጠለችው። ፊትሽን ታጠቢና ውጪ» አለችኝ። ታጥቤ ወጣሁ። ማዳም ፊት ዊጉን ተቀብዬ ወደ መደርደሪያው መለስኩና ወደ ሾፌሯ ዞሬ «አምስት ወር አለን፤ የፀጉሩን መክፈያ መስመር ወደ ቀኝ እናዞረዋለን፤ ረጅሙ አጭሩን ይሸፍንለታል» አልኳት። ሾፌሯ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገችና «እሺ፣ መሪው ያንቺ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልቀረችም።

የሽልማቱ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት አጥቤ፣ በቢጎዲን አድርቄ፣ የሙቀት መከላከያውን ቀብቼ፣ የፔስትራውን ሙቀት ከመሃል ዝቅ አድርጌ በየዘለላው አንዴ ብቻ አሳለፍኩበት። ጭስ የለ፣ የተቃጠለ ሽታ የለ። ማዳም ከሩቅ ቆማ ታያለች። ሾፌሯ «ካልመጣሽ አልወጣም» ብላኝ አዳራሹ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሾፌሩ፣ ቲኬት ቆራጩ፣ መካኒኩ ሁሉ ተሰብስቧል። ልማድ ክፉ ነው፤ እሷ ኮፍያዋን ደፍታ ነው የተቀመጠችው። ስትጠራ ተነሥታ ደረጃው ሥር ደረሰች፤ ቆመች፤ ዞር ብላ ኮፍያውን አወለቀችና ወደ እኔ ወረወረችው። ፀጉሯ እንደ ጥቁር ውሃ ወርዶ ኮሌታዋ ላይ ተኛ።

እትዬ፣ ከኋላ አንድ ቲኬት ቆራጭ «ኧረ እናት! ይሄን ሁሉ የት ደብቀሽው ነው?» ብሎ ሲጮህ ጭብጨባውና ሳቁ ጣራውን አነሣው። አለቃዋ ሃያ ዓመት ያለ አደጋ የመንዳት ምስጢሯን ቢጠይቃት፣ «መንገድ ላይ ቸኩዬ አላውቅም፤ የቸኮልኩት ራሴ ላይ ነበር፤ እሱንም ያቺ ልጅ አስተወችኝ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ፎቶ አንሺው ሲያነሣት ደግሞ ሰርተፊኬቷን እንደያዘች ጀርባዋን ሰጥታ «ከኋላም አንሣ! ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው» አለችው። እኔ ኮፍያዋን ደረቴ ላይ ይዤ እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ እኔን ብለው የሚመጡ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች መቀመጫውን ሞሉት። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን አልነገርኩሽም። ሰኞ እረፍታችን ነው። ከሽልማቱ ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ጠዋት ግን ማዳም አስጠራችኝ። ስገባ በሩን ቆለፈች፤ መጋረጃውን ሳበች፤ አንደኛው ወንበር ላይ፣ የራሷ ወንበር ላይ፣ ተቀመጠች። እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ያንን ሁላችን የምንቀናበትን ፀጉር ብድግ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዊግ ነበር! አራት ዓመት አብሬያት ስሠራ አላወቅሁም። ከሥሩ ያለውን ባየሽ፤ እንደ ታጨደ ማሳ እዚህም እዚያም ጥቂት ዘለላ። «ሃያ ዓመት የሰው እየተኮስኩ የራሴን አቃጠልኩት። አትሳቂብኝ» አለችኝ። እኔ ላይ የተሳቀው ትዝ ቢለኝም፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ «ሥሩ ካልሞተ ተስፋ አለው ማዳም» አልኳትና ሰኞ ሰኞም ፎጣ ለማጠብ የምትመጣውን እማማ ፎጣን ከኋላ ክፍል ጠራኋት። ሁለታችን ዳሰስነው። ግንባሯ ላይ ያለው እንደማይመለስ በግልጽ ነገርናት፤ መሃሉ ግን ሕይወት አለው።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ባለፈው ዓርብ ቤቱ ደንበኛ በሞላበት ሰዓት ማዳም ዊጓን ከራሷ ላይ መንጭቃ አወለቀችና «ኑ እዩ! በቀለ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ደንበኛ ደንግጣ ሻይዋን ደፋች። የበቀለው እንግዲህ ሁለት ጣት ነው፤ ግን እንደ ዘውድ ነው የያዘችው። እማማ ፎጣን ከኋላ ክፍል አውጥታ ለአዲስ ሠራተኞች አስተማሪ አደረገቻት፤ ፎጣውን አሁን ተራ በተራ ሁላችንም ነን የምናጥፈው። አንደኛው ወንበር ደግሞ የእኔ ሆነ። ያለ ሻሽ የተነሣሁትን ፎቶ አያይዤልሻለሁ፤ ፀጉሬ የጀርባዬን መሃል አልፏል።

እንግዲህ ለልጅሽ። ፔስትራውን አንቺ ጋ አኑሪው፤ የተቆራረጠውን እኩል ከርከም አድርጊላት እንጂ አትላጫት። ቁስል ካላት እስኪድን ምንም አይንካት፤ አልድን ካለም ለሐኪም አሳያት። በየሳምንቱ ኮንዲሽነር፣ በዝግታ መፍታት፣ ሲደርቅ በቢጎዲን፣ ለመኝታ ለስላሳ ሻሽ። ሪላክሰሩን ከወደደችው አሥር ሳምንት ትታገሥ፤ ለበቀለው ብቻ። አትቆጫት፣ አትሳቁባትም፤ ሳቅ ከፔስትራ ይብሳል። ለትምህርት ቤቱ ሻሹን አሳምረሽ እሰሪላት፤ እኔ ከዚህ የሚያምሩ ሦስት ልኬያለሁ።

ለእናታችን ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ለአባታችን በሙቅ ውሃ ማር ጠጣ በሉልኝ። ባለቤትሽን፣ መላጣው እያበራ ነው አሉ፣ ለእሱ እንኳ መድኃኒት የለኝም፤ እንደ ወንድም ሰላም በይልኝ። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ደብዳቤያችንን ለሚያደርስልን ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ከነቤተሰቡ ሰላምታዬ ይድረሰው። ለትልቋ ልጅሽ ደግሞ ማዳም ራሷ ሰላምታ ልካለች። የደብዳቤሽን ነገር ስነግራት ዊጓን በጣቷ እያሽከረከረች «እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሀ ብዬ ከጀመርኩ፣ እሷ በአሥራ ስድስት ምን ቸግሯት ነው የምትተኛው? ተነሺ በያት!» ብላለች።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከአንደኛው ወንበር
ሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን