ግራ እግሯ

እናንዬ፣ ዓለሜ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ አብረን ያረምነው ገብስ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገባ። ጣሪያውን ጠግኛለሁ። ከባድ መሣሪያ የመታው ግድግዳ ግን ገና ክፍት ነው፤ በሰሌን ሸፈንሁት። ነፋስ ሲያንኳኳው ያ ቀን ይመለሳል። ፍንዳታው። አቧራው። አንቺ ሆድሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ። ሰባት ወር ያልሞላትን ልጅ መንገድ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ወለድሽ። ደምሽ አልቆም አለ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል በሕይወት የደረሰችው እሷ ብቻ ናት።

ሐኪሟ በልጅቷ እርግብግቢት በኩል አንጎሏን በአልትራሳውንድ ልታይ ስትል እናትሽ እጇን መቷት። «አትንኪያት! በዚች በኩል እኮ ነው ነፍሷ የምትተነፍስ!» ይዤ ወደ ውጭ ላወጣቸው ስል ነከሱኝ።

ስክሪኑ ላይ፣ በአንጎሏ ቀኝ ወገን፣ ነጭ ነገር ነበር። ደም ነው አለችኝ ሐኪሟ። በጣቴ ሸፈንሁት። ጣቴን ሳነሳ እዚያው ነው። ያ ወገን የሚያዘው ግራ እግሯን ነው። ትሄዳለች ወይ? አልኋት። ምስሉ ብቻውን ያንን አይነግረንም አለች፤ ስትንፈራገጥ ተመልከት፣ በግድ ግን እንዳትጎትቷት።

ስለዚህ ቤት ከገባን ወዲህ እመለከታለሁ። ቀኙ ይራገጣል። ግራው እንደ እንጨት ድርቅ ብሏል።

እናትሽ ደግሞ ባጠቧት ቁጥር በቅቤ አሽተው፣ ሁለት እግሯን ይዘው ቁልቁል ያንጠለጥሏታል። እናኑንም ያቃናኋት እንዲህ ነው ይላሉ። ግራውን ሲስቡት ትጮሃለች። ጩኸቷ ያንቺው ነው፤ የቃሬዛው ላይ ጩኸት።

ትናንት አልቻልሁም። «እማማ፣ ይተዉአት! ሊሰብሯት ነው!» አልሁና ነጥቄ መሬት የተነጠፈው ሰሌን ላይ አስተኛኋት።

«አንተ ነህ የምታውቅልኝ? እኔ አንዷን ቀብሬያለሁ!» የቅቤውን ሳህን ወረወሩት። ከጆሮዬ አጠገብ አልፎ ተሰበረ።

ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ላነሳት ጎንበስ ስል አፌን ረገጠችኝ። ከንፈሬ በጥርሴ ተሰነጠቀ። የትኛው እግር እንደሆነ ያስተዋልሁት ደሙን ከቀመስሁ በኋላ ነው።

ግራው።

እናትሽ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ድገሚው፣ የኔ አንበሳ! ግደይው!»

አልደገመችውም። ዛሬም ገና ነው።

እናንዬ፣ ደምሽን አልረሳም። ከንፈሬ ያብጥ፤ ፊቴን ከእግሯ አላርቅም።