አባባ ከሌላ ዓለም ሲጠሩ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅሽ ጉንፋን ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው የምጽፍልሽን በጎን እያዩ ነው። መነጽራቸውን ስላላደረጉ ብዙም አይታያቸውም ብዬ ተጽናንቻለሁ። ናፍቆትሽ ለሁለታችንም በርትቶብናል፤ ይህን ስልሽ የደብዳቤ ወግ ነው ብለሽ አትለፊው።

ጥያቄሽ ደርሶኛል። ከአንቺ ክፍል በቀር የአባባን ቤት የሚከራይ ደህና ሰው ስለተገኘ፣ አባባ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ እንዲኖሩ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሻል። ቁርጡን እነግርሻለሁ። ግን እዚህ ቤት የሆነውን ሳልነግርሽ መልሱን ብቻ ብጽፍልሽ፣ እንደ ልማድሽ ተቆጥተሽ ደብዳቤውን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ስለዚህ ወንበር ስበሽ ተቀመጪና ታገሺኝ።

አባባን ስትልኪልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፣ ከቤት ሲወጡ መንገድ ይጠፋባቸዋል፣ ብቻቸውን መተው የለባቸውም ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንቺ ያልሽውን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳለ የምቀበል ሰው ነኝ። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ስቀበላቸው፣ ከሻንጣቸው ሌላ ያንቺን የስፌት መኪና ተሸክመው ወረዱ። ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች ብላቸው፣ እህትሽ አዲስ ስለገዛች ይቺን ለአንቺ ብላለች አሉኝ። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። በማግሥቱ የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቃቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ከፊት ለፊታችን የምትኖረውን ጡረተኛ ነርስም፣ ሥራ ስሄድ ዓይንሽን ጣል አድርጊባቸው ብዬ ለመንኳት።

አባባም የሚያሳስብ ጠባይ አመጡ። የመታጠቢያ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተፈቶ ጠፋ። ትልቁን ቢላዋ ስፈልግ ሰንብቼ ፍራሻቸው ሥር አገኘሁት። ስበላ ማንኪያዬን በዓይናቸው ይከተላሉ። ከተኛሁ በኋላ መጥተው የመኝታ ክፍሌ በር ላይ ይቆማሉ። እትዬ እውነቷን ነው፣ ጭንቅላታቸው ነካ እያደረጋቸው ነው ብዬ ሳህን እያጠብኩ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ። እሳቸው ደግሞ ያን ለቅሶ ከኮሪደሩ ሆነው ሰምተውታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አሁን ስለ መጽሐፌ ልንገርሽ፤ አንቺ የጠንቋይ ወሬ ስለምትይው። ወንዞቿ የደረቁባት አገር አለች። የአገሩ አስማተኛ መሬት ላይ ክብ ያሰምርና በበትሩ መትቶ ከእኛ ዓለም አንድ ሰው ይጠራል፤ የገዛ በትሩንም ያስታጥቀዋል፤ ያ ሰው አገሪቱን ያድናል። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፈው ብዙ ነው፤ እኔም ከማን አንሼ ብዬ ነው የጀመርኩት። ምዕራፎቹን ለአርታኢዬ ሰጠሁት፤ እዚያ እርማት የማነብበት ማተሚያ ቤት ቀዩ እስክሪብቶ ለምንለው ሰው። ቀይ በቀይ አድርጎ መለሰልኝ። ይህ ሰው ከገዛ ቤቱ ተመንጭቆ መጥቶ እንዴት ሦስተኛው ገጽ ላይ ፈረስ ይጋልባል አለኝ። ዘመድ የለውም ወይ፣ የጀመረው ሥራ የለውም ወይ፣ እሳት ላይ የጣደው ነገር የለም ወይ አለኝ። ተናደድኩ። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እንዲህ ሲቸግረኝ የማደርገውን አንቺ አታውቂም። ባዶ ወንበር ፊት ለፊቴ አስቀምጥና፣ ገጸ ባሕሪው እዚያ ላይ እንዳለ አድርጌ ጮክ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከየት መጣህ፣ ምን ትፈራለህ፣ ማን ይጠብቅሃል እላለሁ። የዋሸኝ ሲመስለኝ እቆጣዋለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ይህን ሲሰማ እየሳቀ በሩን ገርበብ ያደርግልኝ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የሚሰማኝ አልነበረም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ አባባ ቤት መኖራቸውን ረስቼ ወንበሩን ስጨቃጨቀው በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ገብተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና፣ በይ ጠይቂኝ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ አሉኝ።

መጀመሪያ ቸገረኝ። ያን ሰውዬ አንተ ነው የምለው፤ አባባን ደግሞ እንዴት አድርጌ አንተ ልበል? እሳቸው ናቸው ያደፋፈሩኝ። ከሌላ ዓለም ተጎትቶ ለመጣ ሰው አንቱታ ምን ያደርግለታል አሉ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ስትጠራ ምን እየሠራህ ነበር አልኩት። ቲማቲም እያጠጣሁ ነበር አለኝ። የውኃውን ጎማ ሳልዘጋ ነው የወሰዱኝ፣ እስካሁን ይፈስ ይሆናል፤ በዚያ በኩል የምታልፈው ልጄ ናት፣ ጫማዋ ይረጥብባታል አለኝ። ይህን ጻፍኩ። እዚህ አገር ምን ያስፈራሃል ስለው፣ ደረጃው አያልቅም፣ ሰዉ ሰላም ሲሉት አይመልስም፣ የመተላለፊያው መብራት ደግሞ ራሱ በርቶ ራሱ ይጠፋል፤ መኖሬን እንዲያምነኝ እጄን ማወዛወዝ አለብኝ አለኝ። ይህንንም ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የእሁድ ከሰዓት ሥራችን ይኸው ሆነ። አባባ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይመጣሉ፤ እንግዳ ሰው ኮቱን አያወልቅም ይላሉ። ቀዩ እስክሪብቶ አዲሱን ምዕራፍ ያለ አንዲት ጭረት መለሰልኝና፣ ይህን ሰውዬ ከየት አገኘሽው ብሎ ጠየቀኝ። በሆዴ ግን አባቴ አእምሯቸው እየሄደ ነው፣ እኔ ደግሞ ቅዠታቸውን እየገለበጥኩ መጽሐፍ አደርጋለሁ እያልኩ አፍሬ ነበር። ከሌላ ዓለም መጣሁ ሲሉኝ የምራቸውን ነበር የመሰለኝ።

ባለፈው እሁድ ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ወንዙ ፈሷል፣ መመለሻው በር ተከፍቷል፤ አሁን ለምን ወደ ቤትህ አትሄድም አልኩት። ሲጠሩኝ የነገሩኝ ነገር አለ አለኝ። እዚያ አንዲት ሴት አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እህል አይወርድላትም፣ መብራት ሳታጠፋ ነው የምትተኛው፣ አንድ ቀን በራሷ ላይ አንድ ነገር እንዳታደርግ እንፈራለን፤ ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ፣ ለምን እንደመጣህ ግን እንዳትነግራት ብለውኛል አለ። መጥቼ ባያት እውነትም ከባዶ ወንበር ጋር ስትጣላ አገኘኋት። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆንባት ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን መሳቅ ጀምራለች፤ እኔ ከሄድኩ ማን ይቀመጥላታል አለኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አንተ ማለቱን ትቼ፣ አባባ፣ ይህን ማን ነው የነገረዎት አልኳቸው። እሳቸውም መልሰው፣ የምድጃውን ማዞሪያ ነቃቅለሽ የምትዞሪው አንቺስ ማን ምን ብሎሽ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ምድጃው ብዙም አልገረማቸውም፤ መንገድ ይጠፋባቸዋል የተባለው ግን አንገበገባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው መንገድ ይጠፋኛል አለች እያሉ ክፍሉን ዞሩት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እኔም ማዞሪያዎቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቡ ደረደርኩ። ተያየንና ሳቅ አፈነን፤ እስክናለቅስ ሳቅን። ጡረተኛዋ ነርስ ደንግጣ በር አንኳኳች። ለካ አባባም እሷን በበኩላቸው፣ ልጄን አደራሽን ጠብቂልኝ ብለው ለምነዋት፣ ሁለታችንንም ስትታዘብ ነው የከረመችው።

እትዬ፣ አልደብቅሽም፣ በጣም ነው የተናደድኩብሽ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን ያስተዳደርሽው በዚሁ ዘዴ ነው። እኔን ለማስተኛት አባባ ይቆጣሉ ትያለሽ፤ አባባን በጊዜ ቤት ለማስገባት ልጅቷ ታለቅሳለች ትያለሽ። በዚህ ዕድሜያችንም ያው ነን። ግን ሐቁን ልንገርሽ፤ ከሁለቱ ውሸቶችሽ አንዱ ብዙም ውሸት አልነበረም። ከአባባ በፊት የነበረውን ጊዜ አሁን ሳስበው እኔም እፈራዋለሁ። አሁን መብራቱን አጥፍቼ ነው የምተኛው።

ሳቁ ሲበርድልን አባባ ተመልሰው ተቀመጡና፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ አሉ። ያ አስማተኛሽ በትሩን ለምን ለእንግዳው ሰጠው አሉኝ። እንግዳው ስለሚያስፈልገው ነዋ አልኳቸው። እሱስ በምን ሊሠራ ነው አሉ። ሌላ ይኖረዋላ አልኩ። ጥግ ላይ ክዳኗን ደፍታ የተቀመጠችውን የስፌት መኪናሽን ያዩ ነበር። አዲሷን መኪና እኔ በዓይኔ አላየኋትም አሉኝ።

ከዚያ የሚያውቁትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ብርጭቆ በሁለት እጅሽ መያዝ መጀመርሽን፣ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልሽ ባለሱቋ መሆኗን፣ የሰው ልብስ ሳትጨርሺ እየመለስሽ ይቅርታ መጠየቅሽን። ሐኪም ዘንድ ደርሰሽ የመጣሽ ዕለት ምን አሉሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ የእኔን ይተዉትና ትንሿ ልጅዎ እየጠፋች ነው፣ ይድረሱላት ማለትሽን። ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡስ ላይ ነበሩ። እንዲህ እያዩ እንዴት ትተዋት መጡ አልኳቸው። ሁለት ልጅ ነው ያለኝ፤ የባሰባትን መርጬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመረጠችልኝ እሷ ናት አሉኝ። ይህን ብለው የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ ቆዩ።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸውልሽ። ቤቱ አይከራይም፤ ለሰውየው ይቅርታ ጠይቂልን። ዓርብ ጠዋት ተነሥተን እንመጣለን፤ አባባ ብቻ ሳይሆኑ እኔም። ቀዩ እስክሪብቶ እርማቱን በፖስታ ሊልክልኝ እያጉረመረመም ቢሆን ተስማምቷል። የስፌት መኪናሽ አብራን ትመጣለች፤ አባባ ለሾፌር አላምናትም፣ ጭኔ ላይ ነው የምይዛት ብለዋል። አንቺ ከአልጋሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ትቆጪኛለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ። ደንበኞችሽ ትንሽ ጊዜ ጠማማ ስፌት ይልበሱ፣ ምንም አይሆኑም። የምተኛው እዚያው የልጅነት ክፍላችን ነው፤ የመስኮቱ በኩል አልጋ ያንቺ ነው፣ አልቀማሽም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። አባባ፣ ታምሜያለሁና አስታሚኝ ብለሽ ጻፊላት ብለውኝ ነበር። እሷ የሚያስፈልጋት ሰው ሲመጣ ነው በር የምትከፍተው፤ ልንረዳሽ መጣን ካልናት ከደጅ ትመልሰናለች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እናውቅሻለን። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ በእኛ ቤት ሰውን በውሸት መጥራት ይብቃ። እና እትዬ፣ እዚህ የታመመ ሰው የለም፣ የጠፋም የለም። ሁለታችንም እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ስንጣላም ውለን እናድራለን። የምንመጣው ለእኛ ብለን አይደለም። አንቺን ብለን ነው።

ያሳደጉኝን እጆችሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። አባባ ግንባርሽን ስመውሻል፤ ምርቃታቸውን ሲደርሱ ራሳቸው ያደርሱልሻል።

ስንመጣ በሩን ልክፈት ብለሽ እንዳትነሺ። አባባ ቁልፋቸውን ይዘዋል።

እናት የሆንሽላት፣
ታናሽሽ