የአባ ድድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የሰፈራችን ቄስ የአባ ይትባረክ ላም ፌስታል በልታ፣ ሆዷ ተነፍቶ እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጣች። ዶክተሩ በቁሟ ጎኗን አደንዝዞ ሆዷን ከፈተ። የእኔ ሥራ ትንፋሿንና የልብ ምቷን መከታተል፣ ደግሞም ከንፈሯን እየገለጥኩ ድዷን ማየት ነበር። ድድ ከነጣ ነገሩ ጥሩ አይደለም።

አባ "ያለ እኔ አትቆምላችሁም" ብለው ራሷን ያዙ። ዶክተሩ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ የመጀመሪያውን ፌስታል ጎትቶ ሲያወጣ፣ አባ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ላሟ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጥምጣማቸውን ላሰች።

ዶክተሩ ዞር ሳይል "ድዷ እንዴት ነው?" አለኝ። እኔ ግን አባ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር፤ እጄ እንደለመደው የላይኛውን ከንፈራቸውን ገልጦ ይዟል።

"ነጥቷል" አልኩት።

እጁ ላሟ ሆድ ውስጥ ደርቆ ቀረ። "የላሟ?"

"የአባ።"

ይኼኔ አባ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣቴን ቶሎ አነሳሁ።

"ምን እያየሽ ነው፣ ልጄ?"

"ድድዎን፣ አባ። አሁን ቀላ ብሏል።"

ላሟ ተሰፍታ ካለቀች በኋላ ማመንዠክ ጀመረች። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ምን እንዳገኛቸው ሲጠይቃቸው፣ አባ "ሱባኤ ላይ ነኝ፣ ጾሙ አድክሞኝ ነው" አሉና ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ ጥርሳቸው መሃል የጧቱን እንቁላል አይቼዋለሁ።

"አዎ፣ ጾሙ ነው" አልኩ።

የቄስ ከንፈር ገልጫለሁ፣ ውሸትም ጨምሬበታለሁ። ሄጄ እንዳልናዘዝ የንስሐ አባቴ እሳቸው ናቸው።